በሁከት ቀን የሚጨበጨብላት እናት

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 በባልቲሞር፣ በፖሊስ እጅ ሳለ በደረሰበት ጉዳት ሕይወቱ ያለፈው የፍሬዲ ግሬይ ቀብር በተፈጸመበት ዕለት፣ አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጇን ፊቱን ሸፍኖ ከረብሻው መሀል አገኘችው። ጭንብሉን ገፍፋ፣ ካሜራ እየቀረጸ ደጋግማ በጥፊ መታችው። የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ አመሰገናት፣ «የዓመቱ እናት» ተባለች። ጥቂት ጸሐፍት ደግሞ የአንድ ጥቁር ልጅ መመታት ለምን ደስ ያሰኛል ብለው ተቆጡ። እናትየዋ ራሷ የሰጠችው ምክንያት ግን በጭብጨባው ተዋጠ፤ ልጄ ሌላ ፍሬዲ ግሬይ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው አለች። የፈራችው ፖሊስን ነው፤ ያመሰገናትም ፖሊስ ነው። እንዲህ ያለው ሙገሳ ጥያቄውን ጎዳናውን ገዳይ ካደረገው ወገን አንስቶ በወላጅ ጫንቃ ላይ ይጥላል።

ዶሃ ላለ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ለአያት ትተው ነው የመጡት። ሀገር ቤት ሁከት ሲነሳ ጥፊም አርጩሜም አይደርስም፤ ያለው ስልክ ነው። በኢሞ ተደውሎ «የት ነህ? ካሜራውን አዙርና ቤቱን አሳየኝ» ይባላል፤ አያትየዋም «እማዬ፣ በሩን ቆልፊበት» ተብላ ትለመናለች። መንግሥት ደግሞ ይህንኑ መስመር ደጋግሞ ዘግቷል፦ በ2009 መግቢያ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ የመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል ተራ ደረሰ። ኢንተርኔት ዘግቶ «ወላጆች ልጆቻችሁን ያዙ» ማለት፣ እኔ እስከሚገባኝ፣ ቀልድ ነው።

«የተመታ ልጅ ይሻላል ወይስ የሞተ?» የሚለው መከራከሪያ ከባድ ነው፤ የሰሎሞንን የበትር ምክር ሰምቶ ላደገ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ሰኔ 1997 እና ጥቅምት 1998 ከምርጫው በኋላ በተነሳው ተቃውሞ አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ያዩትን ግድያ የሚያስታውስ ወላጅ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ጉዳዩን የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። ሆኖም ልጅን ከጥይት የሚያርቀው እጁን ይዞ ወደ ቤት መጎተት ነው እንጂ ጥፊው አይደለም። ሁለቱ በአንድ ቪዲዮ ስለሚታዩ ብቻ አንድ ሆነው ይወደሳሉ። ደንግጣ የመታች እናትን መክሰስም አልፈልግም። የምቃወመው ድንጋጤዋን ለሌሎች አርአያ የሚያደርገውን ነው።

ሕጋችንም ቢሆን ነገሩን አልጨረሰውም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆችን ከአካል ቅጣት የሚጠብቀው በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ሲሆን ቤትን በስም አይጠራም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን ማጎሳቆልን ይቀጣል፤ ግን ለመልካም አስተዳደግ ሲባል ከሕግ ሳይወጡ መቅጣትን ከወንጀል ውጭ ያደርጋል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 ቤትን ጨምራ ከለከለች። እኛ ጋ ግን ወሰኑ እስከምን እንደሆነ ለዳኛ የተተወ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ፣ ከማጋራታችሁ በፊት ልጁ ከማን እንደሚሸሸግ፣ እናቱም ማንን እንደፈራች ጠይቁ።