የቆየች የስፖርት መኪናና የካርቱም ሙቀት

ነጭና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም፣ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ሀቡብ የተባለውም የአቧራ ማዕበል ይነሣል። በእንዲህ ያለው አየር፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር የተሠራችውን ኤም ጂ ቢን ለመንዳት የሚመኝ ሰው ከመልኳ አስቀድሞ ራዲያተሯን ይመርምር እንላለን።

የቆየ ራዲያተር በዝገትና በአቧራ ሲደፈን ሞተሩ ይግላል፤ ቤንዚኑም በቧንቧው ውስጥ እየተነነ መኪናይቱን በመንገድ ላይ ያቆማታል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከፍ ማለቱን እያየ ጉዞውን የሚቀጥል ነጂ፣ በጥቂት ገንዘብ በሚለወጥ የውሃ ጎማ ፈንታ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ማሠሪያ ይከፍላል። ቴስታታው ከተሰነጠቀማ ወጪው ለልጆች ትምህርት የተቀመጠውን ገንዘብ እስከ መንካት ይደርሳል።

ስለዚህ ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ መታገሥ፣ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አለመክፈት፣ በጋለው ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አለማፍሰስ ይገባል። የጥቂት ጊዜ ትዕግሥት የቤተ ሰብን ገንዘብ ያድናልና።