ገንዘቡ እያለ ዴስኩ ለምን ይዘገያል?

ከ8ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

ባለፈው ሳምንት በሚኒ ሚዲያችን «የዴስክ ግዥ በሂደት ላይ ነው» የሚል ማስታወቂያ ሲነበብ ብዙ ተማሪ አጉረምርሟል። እውነት ነው፣ የ5ኛ ክፍል ልጆች አሁንም አንድ ዴስክ ላይ 4 እና 5 ሆነው ነው የሚቀመጡት። ዳር ያለው ልጅ ግማሽ ጎኑ ውጭ ነው። «ብሩ መጥቷል ከተባለ አዋሽ ሰባት ሄዶ ጭኖ መምጣት ነው፣ ምን ችግር አለው?» ያሉም ነበሩ። ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ ርዕሰ መምህራችንን፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛችንን እና የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመኅ) ሰብሳቢውን ጠይቄ ያገኘሁትን ጽፌላችኋለሁ።

ብሩ የማን ነው?

እናቴ ገበያ ወጥታ ከደንበኛዋ ቲማቲም ብትገዛ ማንም «ለምን ከእሷ ገዛሽ?» አይላትም፤ ብሩ የራሷ ነው። የትምህርት ቤት ብር ግን የርዕሰ መምህሩም የወረዳውም አይደለም። ከመንግሥት በጀት፣ ከትምህርት ቤት ድጎማ እና ከወላጆች መዋጮ የመጣ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ እንዴት እንደሚወጣ ሕግ አለው። በፌዴራል ደረጃ ለብዙ ዓመት የተሠራበት የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ነበር፤ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። ክልሎችም የየራሳቸውን የግዥ ሕግ ያወጣሉ፤ የእኛ ክልል ሕግ የሚወጣው ከሰመራ ነው። የሁሉም ሐሳብ ተመሳሳይ ነው፦ ገንዘቡ ተገቢውን ዕቃ ያስገኝ፣ ተወዳዳሪ ሁሉ እኩል ይታይ፣ ሥራው በግልጽ ይሠራ፣ ያጠፋ ይጠየቅ።

የግዥ መንገዶች

ግዥ ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ አይፈጸምም። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ግልጽ ጨረታ፦ ማስታወቂያ ወጥቶ መስፈርቱን የሚያሟላ ሁሉ ይወዳደራል። ትልቅ ግዥና ግንባታ በዚህ ነው የሚሄደው።
2. ውስን ጨረታ፦ ዕቃው ያላቸው ጥቂት አቅራቢዎች ብቻ ሲሆኑ እነሱ ተጠርተው ይወዳደራሉ።
3. ፕሮፎርማ፦ ለአነስተኛ ግዥ ቢያንስ ከ3 አቅራቢዎች ዋጋ ይሰበሰባል። ጠመኔ፣ ወረቀት እና መጥረጊያ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚገዛው።
4. ቀጥታ ግዥ፦ ሕጉ በፈቀዳቸው ሁኔታዎች፣ ለምሳሌ ዕቃው ከአንድ አቅራቢ ሌላ ዘንድ ከሌለ ወይም ድንገተኛ ችግር ከገጠመ።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለ። አንድ ሰው ከጨረታ ለማምለጥ ብሎ 40 ዴስኩን ዛሬ 10፣ ነገ 10 እያደረገ በፕሮፎርማ ቢገዛስ? ሕጉ ይህን አስቦበታል፤ ግዥን ከፋፍሎ ማሳነስ ክልክል ነው።

ጨረታው እንዴት ይሄዳል?

መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ የሚፈልገውን ዕቃ በዝርዝር ይጽፋል። በብዙ ወረዳዎች የበርካታ መሥሪያ ቤቶችን ግዥ አንድ ላይ የሚሠራው የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ይህ አሠራር «ፑል» ይባላል። ከዚያ ማስታወቂያ ይወጣል፦ እንደ ግዥው ትልቅነት በጋዜጣ (አዲስ ዘመን ላይ አይታችሁ ይሆናል) ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ። «15 ተከታታይ ቀናት» ወይም «21 ተከታታይ ቀናት» የሚል ብዙ ጊዜ ታያላችሁ። ይህ ቀን ዝም ብሎ የሚባክን አይደለም። ገዋኔ ወይም መልካ ወረር ያለ አቅራቢም ሰምቶ፣ ሰነድ ገዝቶ፣ ዋጋ አስልቶ እንዲደርስ ነው።

ተወዳዳሪው የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር እና የጨረታ ማስከበሪያ ይዞ፣ ዋጋውን በሰም በታሸገ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይከታል። በተባለው ቀን ለምሳሌ 4፡00 ሰዓት ሳጥኑ ይዘጋል፣ 4፡30 ተወዳዳሪዎች ባሉበት ይከፈታል። የእያንዳንዱ ስምና ዋጋ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የተነበበ ዋጋ ከዚያ በኋላ አይቀየርም።

አጎቴ ብረት በያጅ ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት የመስኮት ጨረታ ሲወዳደር ባጃጁ ተበላሽቶበት 10 ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ፤ ፖስታውን አልተቀበሉትም። ቤት ውስጥ ሁላችንም «ለ10 ደቂቃ!» ብለን ተናደድን። የንብረት ክፍል ሠራተኛችን ግን እንዲህ አስረዱኝ፦ «ለእሱ 10 ደቂቃ ከተፈቀደ ለሌላው 20 ይፈቀዳል። ለሦስተኛው 40 ደቂቃ ሲሆን ግን ፖስታዎቹ ተከፍተዋል። እሱ የሌሎቹን ዋጋ ሰምቶ 100 ብር ቀንሶ ይገባል።» አጎቴም ይህን ስነግረው «ልክ ናቸው፣ እኔም ብሆን አልቀበልም» ብሎ ሳቀ።

ሌላው ዘመድ ነገር ነው። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ይሄ የዚያ አጎት፣ ያኛው የዚህ ጎሳ ነው። ዘመድ መወዳደር አይከለከልም። ነገር ግን ዘመዱ የሚወዳደርበት የኮሚቴ አባል ይህንን አስታውቆ ከውሳኔው መውጣት አለበት። እንዲህ ካልሆነ በሐቅ ያሸነፈውም ቢሆን መታማቱ አይቀርም።

ርካሹ ሁልጊዜ ያሸንፋል?

አያሸንፍም። የሚያሸንፈው የተጻፈውን መስፈርት አሟልቶ ዋጋው ያነሰው ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ወሳኙ ጽሑፉ ነው። «40 ዴስክ» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ስስ ብረት በቺፑድ ለብጦ የሚያመጣው ያሸንፋል፤ በዓመቱ ዴስኩ ይንጋደዳል። የብረቱ ውፍረት፣ የጣውላው ዓይነት፣ ቁመቱና ቀለሙ መጻፍ አለበት።

በክፍል ግንባታም ያው ነው። ቆርቆሮ በጌጅ ይለያያል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውፍረቱ ይጨምራል፤ 28 ጌጅ ከ32 ይወፍራል። ኮርኒስ ደግሞ በዝርዝሩ ካልገባ ተቋራጩ አይሠራም፣ አጠፋህም አይባልም። በአዋሽ አርባ ሙቀት ኮርኒስ የሌለው ክፍል ከ6 ሰዓት በኋላ ምድጃ ነው፤ ማን ሊማርበት?

ዋስትናና ሒሳብ

እስቲ በሒሳብ እንየው። 40 ዴስክ እያንዳንዱ በ4,500 ብር ቢሸነፍ (ዋጋው ለምሳሌ ነው) ጠቅላላው 180,000 ብር ነው። በፌዴራሉ መመሪያ የጨረታ ማስከበሪያ ከግምቱ ዋጋ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ነበር፤ ግምቱም ያው 180,000 ብር ነው ብንል 2 በመቶው 3,600 ብር ይሆናል። አሸንፎ «ትቼዋለሁ» የሚል ይህን ያጣል። አሸናፊው ውል ሲፈርም ደግሞ 10 በመቶ፣ ማለትም 18,000 ብር የውል ማስከበሪያ ያስይዛል። ሥራውን ካላከናወነ ይወረስበታል።

ግንባታ ላይ ጥንቃቄው ይጨምራል። ተቋራጩ ደረጃ ያለው ፈቃድ ይኖረዋል፤ መሐንዲስ ሥራውን እየለካ ሲያጸድቅ በሠራው ልክ ይከፈለዋል። ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረግና ብዙ ጊዜ 1 ዓመት ይጠበቃል። ግድግዳው ቢሰነጠቅ፣ ጣሪያው ቢያፈስ በዚያ ጊዜ ያስተካክላል። ዕቃ ከሆነም ተቆጥሮና ተመርምሮ በሞዴል 19 ንብረት ክፍል ይገባል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል።

የተሸነፈ ተወዳዳሪ በደል ደርሶብኛል ካለስ? በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ አቤት ይላል፤ ካልረካ ወደ ላይ ይቀጥላል።

ታዲያ መዘግየቱ ልክ ነው?

ግማሹ ልክ ነው። ማስታወቂያው የሚቆይበት ቀን፣ ግምገማው እና አቤቱታ የሚሰማበት ጊዜ መታለፍ የለባቸውም። ሌላው ግማሽ ግን በእቅድ የሚስተካከል ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት ተመላሽ ይሆናል። በሐምሌ ዝርዝሩ ተጽፎ ጨረታው በክረምት ቢወጣ ዴስኩ መስከረም ላይ ይደርሳል። ጥር ላይ ከተጀመረ ግን የዘንድሮ የ5ኛ ክፍል ልጆች ሳይቀመጡበት ወደ 6ኛ ያልፋሉ። ስለዚህ «ሕጉ ነው ያዘገየን» ሲባል «መቼ ተጀመረ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ወተመኅ ውስጥ የተማሪ ተወካዮች አሉን፤ ይህን ጥያቄ ሐምሌ ሳይደርስ በስብሰባ ያንሱልን። «ኮርኒስ በዝርዝሩ ይግባ» የሚለውንም እንዲሁ።

እኛም ድርሻ አለን። በዚህ ሁሉ ጣጣ የመጣን ዴስክ በምላጭ መፋቅ፣ ስም መጻፍ እና ላዩ ላይ መዝለል ይቅር!

ጥያቄ ለእናንተ፦ አንድ ትምህርት ቤት በ250,000 ብር የውኃ ታንከር ሊያሠራ ውል ቢፈራረም 10 በመቶ የውል ማስከበሪያው ስንት ብር ነው? መልሱን ስማችሁንና ክፍላችሁን ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያው ሳጥን ክተቱ። ሳጥኑ ዓርብ 6፡00 ሰዓት ይዘጋል፤ ያረፈደ እንደ አጎቴ ነው!

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።