ነፋስ ያነሣው ጣራና የቆርቆሮ ሻጩ

የወጨጫ ተራራ በስተ ምዕራብ በሚታይበት በኮልፌ ቀራንዮ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ዝናቡን ቀድሞ ኀይለኛ ነፋስ የሚነሣበት ቀን አለ። ነፋሱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቢቆይም ጣራ ገንጥሎ ለመሄድ ይበቃዋል። በማግሥቱ የቤቱ ባለቤት የተጨማደደ ቆርቆሮ ይዞ ከሻጩ ደጃፍ ይቆማል። ልጆቹና እህሉ ያለ ክዳን አድረዋልና በቁጣ ቢናገር አይፈረድበትም።

«ከሱቅ ከወጣ በኋላ አያገባንም» ብሎ ማሰናበት ቀላል ነው፤ ወዲያው አዲስ ቆርቆሮ መሸጥም ትርፍ አለው። ሥራውን የሚያውቅ ድርጅት ግን ለጊዜው የሚከደንበት ሸራ አስይዞ አናጢ ይልካል፤ አናጢውም አስቀድሞ ምስማሩን ይመለከታል።

ነፋስ በጣራ ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ በተከፈተ በር የገባውም ከውስጥ ሆኖ ይገፋዋል። ጉልበቱ የሚበረታው በክፈፉ፣ በማዕዘኑና በአናቱ ላይ ነው። እንግዲህ ቆርቆሮው ከነምስማሩ ተነቅሎ እንደ ሆነ ምስማሩ አጥሯል፣ ወይም እንጨቱ በስብሷል፤ እርጥብ አጠና ላይ የተመታ ምስማርም እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል። ጣራው ከነእንጨቱ የተነሣ እንደ ሆነ ከግድግዳው ጋር በሚገባ አልታሰረም ማለት ነው። ምስማሩ በቦታው ቀርቶ ቆርቆሮው ብቻ ተቀዶ የሄደ እንደ ሆነ ግን ምስማሩ ተራርቆ ተመትቷል፣ ወይም ቆርቆሮው ስስ ነው።

በዚህ በመጨረሻው ነገር ሻጩም ድርሻ ይኖረዋል። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ ውፍረቱ 0.4 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ ባለ 35 ጌጅ የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ መቀነሱን የማያውቅ ገዢ፣ 35 ከ28 ይበልጣል ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ይህን እያየ ዝም ያለ ሻጭ ከነፋሱ በኋላ ምን ብሎ ይመልሳል? ጌጁን በደረሰኙ ላይ የጻፈና በቃልም ያስረዳ ሻጭ ግን ደረሰኙን ከደንበኛው ጋር አብሮ ሊያነብ ይችላል፤ ያላስረዳው የዋጋውን ልዩነት ብቻ ተቀብሎ ወፍራሙን ቢለውጥለት ይገባዋል።

ያልተቀደደው ቆርቆሮ ተቃንቶ ተመልሶ ይመታል። ምስማሩ በሽንሽኑ ጀርባ ላይ በአዲስ ስፍራ ይመታ እንጂ በአሮጌው ቀዳዳ አይግባ፤ አሮጌው ቀዳዳም ዝናቡ ሳይመለስ ይደፈን።