ስለ ቁርጥማት ሕመምና ስለ ወጥ ቤት ቅመም

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በቁርጥማት መድኃኒት አጠገብ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ቤት ያሠሩት ከፍል ውሃ አጠገብ ነው፤ መኳንንቱም ሕዝቡም ጉልበቱንና ወገቡን ሊያሽር ወደዚያ ይወርድ ነበር። ከፍል ውሃው በማይርቁት በቂርቆስና በካዛንቺስ ሰፈሮች ጉልበቱን የታመመ ሰው በጓዳው ያለውንም ቅመም ሲሞክር ኖሯል፤ ይኸውም ዝንጅብል በማር፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ጥቁር አዝሙድና እርድ ነው። የካዛንቺስ አብዛኛው መንደር በ2017 ዓ.ም. ቢፈርስም ልማዱ ከነዋሪው ጋር ወደየሰፈሩ ሄዷል። በየወረዳውም ያለ ልማድ ስለሆነ፥ ጥቅሙንና ጉዳቱን ለይቶ ማወቅ ሕዝብ ለሚያስተዳድር ሁሉ የተገባ ነው።

አስቀድሞ ቁርጥማት አንድ በሽታ አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንዱ በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን በዕድሜና በሥራ ሲያልቅ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ሰውነትን የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲወጋ ነው። ሦስተኛው ሪህ ነው፤ ይህም ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ጨው ሲረጋ ይነሣል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ቅመም መድኃኒት ሊሆን አይችልም።

ነገር ግን ቅመሙ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከመቶ እጅ 3 ያህሉ የእርድ ክብደት ኩርኩሚን የሚባል እብጠት የሚያበርድ ነገር ነው፤ ብቻውን ሲበላ ግን ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በሕንድ አገር የተደረገ ምርመራ፥ ከቁንዶ በርበሬ ፍሬ ነገር ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው እጅግ እንደሚጨምር አሳይቷል። ዝንጅብልም የጉልበት ሕመምን በመጠኑ ያቀላል። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በልክ ተቀምሞ በቅባት ሲቀባ ሕመምን ያደነዝዛል፤ በርበሬውን እንዲሁ በቆዳ ላይ ማሸት ግን ያቆስላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዝንጅብልን፥ እርድንና ነጭ ሽንኩርትን አብዝቶ ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከሁሉ የሚያስፈራው በቅመም የሚጠፋው ጊዜ ነው። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ቢግል፥ ትኩሳትም ቢከተል፥ በሽተኛው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይድረስ። ሕፃን ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያው በየተራ ቢያብጥ፥ ልብን የሚያበላሽ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህን ፔኒሲሊን እንጂ ዝንጅብል አይከለክለውም።

እርሻ ያላችሁና ወረዳ የምትመሩ ሁሉ ደግሞ ቅመሙ ራሱ ንጹሕ እንዲሆን መጠበቅ ይገባችኋል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የተነሣው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ በደቡብ ያለውን የዝንጅብል እርሻ እጅግ አጠፋው፤ በሽታው የሚተላለፈው በተበከለ የዘር ሥርና አፈር ነው። ስለዚህ ገበሬው ከታመመ ማሳ ዘር እንዳይወስድ፥ መሬቱንም በሌላ ሰብል እንዲያፈራርቅ ምከሩት። በባንግላዴሽ አገር እርድን ለማሳመር እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም ሲጨመርበት ተገኝቷል፤ እርሳስም መርዝ ነው። በገበያችሁ የሚሸጠውን የተፈጨ ቅመም አስመርምሩ፤ ሕዝቡም ሥሩን ሳይፈጭ ገዝቶ ራሱ እንዲያስፈጨው ንገሩት። ለመድኃኒት ብሎ መርዝ የሚገዛ ሰው እንዳይኖር መጠበቅ የአስተዳዳሪ ሥራ ነውና።