ዘፈን በፍላሽ፣ ዘፈን በሃርድ ዲስክ

በድሬዳዋ በከዚራና በመጋላ መካከል በሚመላለሱ ባጃጆች ውስጥ ዘፈን የሚጫወተው ብዙውን ጊዜ ከፍላሽ ወይም ከሚሞሪ ካርድ ነው። የኪስ ማጫወቻ በዓለም ገበያ የገነነው ግን በሌላ ማከማቻ፣ ማለትም በሃርድ ዲስክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሪዮ ፒኤምፒ300 የተሠራው በፍላሽ ቢሆንም የሚይዘው 32 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር በተለመደው ጥራት ከግማሽ ሰዓት ብዙም የማያልፍ ሙዚቃ ሲጭን፣ አፕል በ2001 ያቀረበው አይፖድ በ5 ጊጋባይት ዲስኩ 1,000 ያህል ዘፈኖችን ያዘ።

ሃርድ ዲስክ መግነጢሳዊ ሽፋን ያለው ዝርግ ሳህን ሲሆን፣ ሳህኑ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠሩ ጊዜያት በሚሽከረከርበት ወቅት መረጃውን የሚያነበው ጫፍ ሳህኑን ሳይነካ እጅግ ስስ በሆነ አየር ላይ ይንሳፈፋል። መሣሪያው ሲናጥ ጫፉ ሳህኑን ሊጭረው ስለሚችል፣ የአይፖድ ሠሪዎች ዘፈኑ አስቀድሞ ወደ 32 ሜጋባይት ጊዜያዊ ማኅደር እንዲገለበጥና ዲስኩ ለብዙ ደቂቃ እንዲያርፍ አደረጉ፤ ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ለሚነጥር ባጃጅ ግን አይበቃም።

ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ሳለ በ1980ዎቹ የፈለሰፈው ፍላሽ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ መረጃን የሚይዘው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ሽፋን በታጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል በማኖር ሲሆን፣ ይህ ሙል ኃይል ሲቋረጥም ባለበት ይቆያል። ዋጋው እየረከሰ በመሄዱ በ2005 ፍላሽ የያዘው አይፖድ ናኖ ዲስክ የነበረውን አይፖድ ሚኒን ተካ፤ 160 ጊጋባይት ዲስክ የነበረው አይፖድ ክላሲክም በ2014 ከገበያ ወጣ።

ይሁንና መናጥን የሚችለው ፍላሽ ከሙቀት ጋር አይስማማም፤ የታጠረው ሙል በጊዜ ብዛት ቀስ በቀስ የሚያፈተልክ ሲሆን፣ ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል፤ እያንዳንዱ ክፍልም በተደጋጋሚ ሲሰረዝና ሲጻፍ ያረጃል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ እንደመሆኗ፣ ከካሴት የተገለበጡ የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ወይም የድምፃዊው ዓሊ ቢራ የቆዩ ቅጂዎች በአንድ ፍላሽ ብቻ ቢቀመጡ ከባድ አደጋ ነው፤ በጥላ ሥር ሳይነቃነቅ የሚኖር ሃርድ ዲስክ ዋናውን ቅጂ ይዞ፣ ለመንገድ የሚሆነው ከእርሱ ወደ ፍላሽ ሊጫን ይገባል። ዲስክም ይበላሻል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በድምፅና በመዘግየት ያስጠነቅቃል፣ የፍላሽ መቆጣጠሪያ ሲሞት ግን ያለ ምንም ምልክት የያዘውን ሁሉ በአንዴ ሊነፍግ ይችላል።