የተቆረጠው ፖሊፕ ውጤት የት ደረሰ?

ድብ ባሕር ከሊማሊሞ ግርጌ ናት። እዚያ የሚኖር ሰው ሰገራው ላይ ደም ሲያይ ከጎረቤት የሚሰማው ሁለት ነገር ነው፤ «አሜባ ነው» ወይም «ኪንታሮት ነው»። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝለታል፣ ደሙ ይጠፋል፣ ከወራት በኋላ ይመለሳል። ቀጥሎ የኪንታሮት መድኃኒት ዐዋቂ ጋ ይኬዳል። ፖሊፕም ግን እንዲሁ ነው፤ ደምቶ ያቆማል፣ ቆይቶ ደግሞ ይደማል። ክኒኑ ያዳነው እየመሰለ ዓመታት ያልፋሉ።

ፖሊፕ ከትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ ነው። አብዛኛው ካንሰር አይሆንም። አዴኖማ የሚባለው ዓይነት ግን ከጊዜ ብዛት ሊለወጥ ይችላል፤ ለዚያ የሚፈጅበት ጊዜም ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ዊልያም ዎልፍ እና ሂሮሚ ሺንያ ኒው ዮርክ ውስጥ ኮሎኖስኮፕ በሚባለው የአንጀት መመልከቻ ቱቦ በኩል የሽቦ ቀለበት አስገብተው ፖሊፕ መቁረጥ ጀመሩ። ከዚያ በፊት ለዚሁ ሲባል ሆድ ይከፈት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ አዴኖማቸው የተነሣላቸው ሰዎች በዚህ ካንሰር የሚሞቱት ከሚጠበቀው በ53 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳየ።

እኛ ጋ አገር አቀፍ ቅድመ ምርመራ ያለው ለማኅፀን በር ካንሰር እንጂ ለአንጀት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሠራው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ግን በወንዶች ዘንድ ቀዳሚው የትልቁ አንጀት ካንሰር መሆኑን አሳይቷል። የአንጀት ቅድመ ምርመራ ስለሌለ ኮሎኖስኮፒ የሚታዘዘው ደም ላየ፣ ክብደት ለቀነሰ፣ ደም ማነሱ ምክንያት ላጣ ሰው ነው። መሰላሉም የታወቀ ነው፤ ጤና ጣቢያ፣ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ከዚያ ሪፈር ወደ ጎንደር። የጤና መድን ደብተር የያዘ ሰው ይህን መሰላል ከዘለለ ወጪውን ወይም ከፊሉን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

ከምርመራው ይልቅ የሚያስፈራው ዝግጅቱ ነው። ሆድ ማጠብ ለሰሜን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ አገሩ የቆሶ ዛፍ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ስለ ቆሶ ጽፏል። የአሁኑ መጠጥ ግን ሦስት አራት ሊትር ሊደርስ ይችላል፤ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ሌሊት ይጠጣል፤ የሚወጣው ውኃ ጠርቶ ቢጫ እስኪሆን ድረስ። ቀደም ብሎ ለጥቂት ቀናት ቆሎ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ ይቀራል፤ የብረት ክኒንም ይቆማል። ቀጠሮው ሁዳዴ ላይ ከዋለ የጾሙ ገበታ ከሞላ ጎደል የተከለከለው ምግብ ነው። ነጭ ሩዝ፣ የተላጠ ድንችና የፉርኖ ዳቦ ግን ጾምም አያስፈርሱ፣ አንጀትም አያቆሽሹ። ይህን ከሐኪም ይልቅ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር የሚቀለው ሰው ብዙ ነው፤ ይነጋገር።

ደግሞስ መጠጡ የት ይጠጣ? ድብ ባሕር ጠጥቶ በሚኒባስ ሊማሊሞን መውጣት የማይታሰብ ነው። ጎንደር ዘመድ ቤት ወይም መጸዳጃ ያለው አልጋ መያዝ፣ አስታማሚም ማስከተል ግድ ነው። የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባይደን እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021 ኮሎኖስኮፒ ሲያደርጉ ሥልጣናቸውን ለምክትላቸው ያስረከቡት ለ85 ደቂቃ ነበር፤ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ፖሊፕም ተነሣችላቸው። የድብ ባሕሩ ገበሬ ለዚያችው ፖሊፕ ቀናቱን ይሰጣል፤ አዝመራ ላይ ከሆነ ደግሞ ሰብሉንም።

ቆረጣው ራሱ ቀላሉ ክፍል ነው። ታካሚው በግራ ጎኑ ይተኛል፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይወስዳል። ሽቦው በፖሊፑ አንገት ይጠልቅና ጠበቅ ይላል፤ ትንሿ እንዲሁ ትቆረጣለች፣ ትልቋ በኤሌክትሪክ ሙቀት። የአንጀት የውስጥ ሽፋን መቆረጥ ስለማይሰማው አያምም። ከዚያ በኋላ ሆድ ይነፋል፤ መድኃኒቱ ወዲያ ወዲህ ማለትና ጋዙን ማስወጣት ነው። ሰው ፊት ነውር የሆነው ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ ነርሷ በደስታ የምትሰማው ምልክት ነው።

ፖሊፕ ከተነሣላቸው መቶ ሰዎች አንዱ ገደማ ይደማል፤ የአንጀት መበሳት ከዚያም ያነሰ ነው። ግን ደሙ እስከ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ወረቀት ላይ የሚታይ ጠብታ አያስደነግጥም። ብዙ ደም፣ የረጋ ደም፣ የማይለቅ የሆድ ቁርጠት፣ የሆድ መጠንከር ወይም ትኩሳት ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ያስኬዳል። ትልቅ ፖሊፕ የተነሣለት ሰው ሞፈርና ጀሪካን ለአንድ ሁለት ሳምንት ለሌላ ይተው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ መንገድ ክፍት ሆኖ መገኘቱ በዕድል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጎንደር ማሳለፍ ቅንጦት አይመስለኝም።

የእኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። የተቆረጠው ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ ይሄዳል፤ ውጤቱ ሲደርስ ባለቤቱ አገሩ ገብቷል። ወረቀቱም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እዚያ ላይ ያለው ግን የሚቀጥሉትን ዓመታት የሚወስን ነው። አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ አዴኖማ ከሆኑ፣ አንጀቱም በደንብ ታጥቦ ከታየ፣ የአሜሪካ መመሪያ ከ7 እስከ 10 ዓመት ይሰጣል፤ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሦስት ዓመት። ጣና ዳር ለኖረ ሰው ፖሊፑ የቢልሃርዚያ ሊሆንም ይችላል፤ ያኔ የሚያስፈልገው ፕራዚኳንቴል ነው። ካንሰር ከተገኘበት ደግሞ ጉዳዩ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ወንድም፣ እህትና ልጆቹ ከ40 ዓመታቸው፣ ወይም እሱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድመው፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ መታየት አለባቸው።

ይህን ለመንገር አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። በመውጫው ካርድ ላይ የታካሚው ብቻ ሳይሆን የአንድ ማንበብ የሚችል ቤተሰብ ስልክ ይመዝገብ፤ ውጤቱ በአማርኛ ሦስት መስመር ሆኖ ለደባርቅ ሆስፒታልም ይላክ፤ የሚቀጥለው ምርመራ ዓመት በግልጽ ይጻፍበት። ሪፈሩ ሽቅብ የሚወጣበትን መሰላል ውጤቱ ቁልቁል የማይወርድበት ምክንያት የለም።