«ተንሳፈፈ» እና ተቀራራቢ ቃላቱ

በመዝገበ ቃላት ዝግጅት ከሚያጋጥሙ ችግሮች አንዱ፣ ተመሳሳይ ናቸው ተብለው ከአንድ ፍቺ ሥር የሚሰለፉ ቃላት በአገልግሎት ሲፈተኑ አንዱ በሌላው ቦታ አልገባም ማለቱ ነው። ከፈሳሽ በላይ መቆየትን፣ ሳይሰጥሙ መያዝንና ወደ ላይ መነሣትን የሚያመለክቱ ግሦች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። የባዕድ ቋንቋ አንድ ቃል እነዚህን ሦስቱን ጠቅልሎ በያዘ ጊዜ ተርጓሚው ብዙውን ጊዜ «ተንሳፈፈ» በሚለው ብቻ ይገላገላል። በዚህ ጽሑፍ የቃላቱን ልዩነት በተቃራኒዎቻቸው አማካይነት ለማሳየት እንሞክራለን፤ ሁለት ቃላት ተቃራኒያቸው የተለያየ ከሆነ ፍቺያቸውም ፈጽሞ አንድ አይሆንምና።

በመጀመሪያ «ሰፈፈ»ን እንመልከት። ግሡ ከፈሳሽ ጋር ተደባልቆ የነበረ ቀላል ነገር ተለይቶ ከላይ መውጣቱን ይገልጻል። ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚሰበሰበውና ተነጥሮ ሰም የሚሆነው «ሰፈፍ» የዚሁ ግሥ ዘር ነው። ተቃራኒው «ዘቀጠ» ነው፤ ቀላሉ ሲሰፍፍ ከባዱ ይዘቅጣል።

«ተንሳፈፈ» ከዚሁ ሥር የወጣ ቢሆንም «ተን-» የሚለው መነሻ ሌላ ባሕርይ ሰጥቶታል። ይህ መነሻ «ተንከባለለ»፣ «ተንሸራተተ»፣ «ተንቀሳቀሰ» በሚሉት ውስጥ እንደሚታየው ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ «ሰፈፈ» ወደ ላይ መውጣትን ሲናገር፣ «ተንሳፈፈ» በላይ ሆኖ መቆየትንና መሄድን ይናገራል። ከደንገል የተሠራች የጣና ታንኳ ተንሳፈፈች እንላለን እንጂ ሰፈፈች አንልም። ክንፉን ሳያራግብ በአየር ላይ የሚያንዣብብ ጭልፊትም ተንሳፈፈ ይባላል። ለታንኳይቱ ተቃራኒው «ሰጠመ» ነው።

«ጠለለ» ደግሞ ጉዳዩን ከፈሳሹ ወገን ያየዋል። ጠላ ጠለለ ሲባል አተላው ወደ ታች ወርዶ ከላይ ያለው ጠራ ማለት ነው፤ ተቃራኒውም «ደፈረሰ» ነው። በግእዝ «ጸለለ» በውሃ ላይ መንሳፈፍን ያመለክታል፤ ግእዝ «ጸልአ» በአማርኛ «ጠላ» እንደሆነ ሁሉ የ«ጸ» በ«ጠ» መለወጥም የተለመደ ነው። የከፍታ መለኪያ የሆነው «የባሕር ጠለል» የውሃውን የላይኛ ገጽ ማመልከቱ ይህን ዝምድና ያጠናክራል።

መነሣትና መንሳፈፍም መለየት አለባቸው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 7 ስለ ጥፋት ውሃ በሚነገረው ታሪክ፣ በቁጥር 17 ውሃው መርከቢቱን ከምድር ያነሣታል፤ በቁጥር 18 ደግሞ መርከቢቱ በውሃው ላይ ትሄዳለች። በመጀመሪያው አድራጊው ውሃው ነው፤ በሁለተኛው መርከቢቱ ናት። ሁለቱንም በ«ተንሳፈፈ» የጠቀለለ ተርጓሚ ከሁለቱ ድርጊቶች አንዱን ያጠፋል።

ስሕተቱ ይበልጥ የሚጎዳው በሳይንስ ስያሜ ላይ ነው። አርኪሜዴስ እንዳረጋገጠው፣ በፈሳሽ ውስጥ የገባ ማንኛውም አካል ከቦታው ካስለቀቀው ፈሳሽ ክብደት ጋር እኩል በሆነ ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። ይህን ኃይል «አንሳፋፊ ኃይል» ብንለው፣ የሚሠራው በሚንሳፈፍ ነገር ላይ ብቻ ነው የሚል ግምት በተማሪው አእምሮ ይቀረጻል። ይሁን እንጂ ይዘቱ 1 ሊትር፣ ክብደቱ 2.5 ኪሎ የሆነ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ቢገባ፣ እየሰጠመም ቢሆን የ1 ኪሎ ያህል ይቀልለዋል። የሰመጠ ድንጋይ «ተንሳፈፈ» ሊባል አይችልም፤ ኃይሉ ግን አልተለየውም። በዚህ ምክንያት «ሽቅብ ገፊ ኃይል» የሚለው ስያሜ የተሻለ ሆኖ እናገኘዋለን። «ተንሳፋፊነት» ለአካሉ ባሕርይ ይቆይ።

በዘይቤያዊ አነጋገርም ጥንቃቄ ያሻል። በሌሎች ቋንቋዎች ተስፋ ሰውን በውሃ ላይ እንደሚይዝ ተደርጎ ይነገራል። ይህን «ተስፋ አንሳፈፈው» ብለን ብንመልሰው፣ መሠረት ያጣና በሐሳብ የሚዋልል ሰው እንጂ የበረታ ሰው አይታየንም። እዚህ የሚፈለገው ተቃራኒ «ተስፋ ቆረጠ» ስለሆነ «ተስፋ አጸናው»፣ «ተስፋ ደግፎ አቆመው» ማለት ይገባል። ኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ባደረገች ጊዜም ይኸው ጥያቄ የሚነሣ ነበር። ብር «ተንሳፈፈ» ቢባል ሰሚው ሳይሰጥም የቆየ ገንዘብ ወይም መያዣ ያጣ ገንዘብ ሊመስለው ይችላል፤ «በገበያ የሚወሰን ምንዛሪ» የሚለው ግን ነገሩን ሳያሻማ ያስረዳል።

በጠቅላላው፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ በእነዚህ ቃላት ፍቺ ሥር ተመሳሳዩን ብቻ ሳይሆን ተቃራኒውንና ባለቤት የሚሆነውን ነገር ጭምር ቢያሰፍር መልካም ነው። ተርጓሚውም ቃል ከመምረጡ በፊት «ይህ ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ መዝቀጥ፣ መስጠም፣ መደፍረስ ወይም ተስፋ መቁረጥ እንደሆነ ሲያውቅ፣ ትክክለኛውን ግሥ ለመምረጥ አይቸገርም።